ብሩም ከእናቴና ከልጆች ጋር በጁላይ፦ ምን ማወቅ አለብኝ?

ጥያቄ፦ የሜልበርኗ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከድሬዳዋ ልትጠይቀኝ መጥታለች። ሜልበርንን ብቻ አይታ እንዳትመለስ፣ በጁላይ የትምህርት ቤት እረፍት ብሩም ልወስዳት አስቤያለሁ። ለማታውቋት፣ ብሩም በምዕራብ አውስትራሊያ ሰሜን፣ ኪምበርሊ በሚባለው አገር ዳር ያለች የወደብ ከተማ ናት። ፊቷ የሕንድ ውቅያኖስ፣ ጀርባዋ ሰው የማይታይበት ቀይ ምድር ነው። ከፐርዝ እንኳ ከ2,200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች።

ባለቤቴ ፐርዝ ድረስ በረን፣ ከዚያ መኪና ተከራይተን እንንዳ ይላል። እኔ ከእናቴና ከሁለት ልጆች ጋር ይከብዳል ባይ ነኝ። ልጆቹ 6 እና 9 ዓመታቸው ነው። ባሕሩ ውስጥ አዞና ጄሊፊሽ የሚባል ተናዳፊ የባሕር እንስሳ አለ ሲሉም ሰምቻለሁ፤ ታዲያ መዋኘት ይቻላል? እናቴ የሰኔን ጾም ትጾማለች። ጾሙ የሚፈታው ሐምሌ 5፣ ማለትም ጁላይ 12 ስለሆነ አብዛኛው ጉዟችን ጾም ላይ ይውላል። እዚያ ምን ትበላለች? ጉልበቷንም ያማታል፣ ብዙ መራመድ አትችልም። ወባ አለ ወይ እያለችም ደጋግማ ትጠይቀኛለች። የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ።

መልስ፦ ብሩም የኖርኩ

እህቴ፣ እንኳን እናትሽን ለዓይነ ሥጋ አበቃሽ። ብሩም በአረጋውያን መንከባከቢያ ሠርቻለሁ፤ ከተማዋን እወዳታለሁ።

ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት የጨረቃውንና የባሕሩን ሠንጠረዥ እዪ። ብሩም ውስጥ ሁሉ ነገር የሚሄደው በባሕሩ ሙላትና ሽሽት ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ውሃው በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ወደ 10 ሜትር ይለያያል፤ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ በለው። ጠዋት ሰማያዊ ባሕር ያየሽበት ቦታ ማታ ብትመለሺ ጭቃና ድንጋይ ሆኖ ታገኚዋለሽ። በድሮ ጊዜ መርከቦቹ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ጋደም ብለው ቀጣዩን ሙላት ይጠብቁ ነበር።

ከመጋቢት እስከ ጥቅምት፣ ጨረቃ ሙሉ በሆነችባቸው ጥቂት ምሽቶች፣ ውሃው በሸሸበት ሰዓት ጨረቃ ከሮባክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ትወጣለች። ብርሃኗ በእርጥቡ ጭቃ ላይ ደረጃ በደረጃ ሆኖ እስከ እግርሽ ድረስ ይመጣል። የጨረቃ ደረጃ ነው የሚሉት። ታውን ቢች ሄዳችሁ ሣሩ ላይ ወንበር ዘርግታችሁ ታያላችሁ። እናትሽ አንድ እርምጃ ሳይራመዱ የሚያዩት ትልቁ ነገር ይህ ነው። በእነዚህ ምሽቶች ገበያም አለ፤ ምግብ ይሸጣል፣ ሙዚቃ አለ። ሳምንቱ ሙሉ ጨረቃ ላይ ከዋለልሽ ሌላውን ሁሉ ለዚያ ስትዪ አስተካክዪ።

ወባን በተመለከተ እናትሽን አሳርፊያቸው። አውስትራሊያ ከወባ ነፃ የተባለችው በ1981 ነው። ትንኝ ግን አለ። ማንግሮቭ በሚባሉት፣ ባሕር ዳር ጭቃ ላይ በሚበቅሉት ዛፎች አጠገብ ደግሞ በዓይን የማትታይ የአሸዋ ዝንብ አለች፤ ንክሻዋ ለቀናት ያሳክካል። መከላከያ ቅባት ያዢ፣ ማምሻ ላይ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበሱ።

መልስ፦ ሾፌሩ ከፐርዝ

ለባለቤትሽ የማደርሰው መልእክት አለኝ። ወንድሜ፣ መንገዱ ቆንጆ አስፋልት ነው፤ እኔም በሥራ እመላለስበታለሁ። ግን ከሽማግሌና ከሕፃን ጋር አይሞከርም። ንጹሕ የመንዳት ሰዓቱ ብቻ 24 ገደማ ነው። ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ ማደር አለባችሁ፣ መመለሻም አለ። እረፍታችሁ መኪና ውስጥ ያልቃል።

ከፖርት ሄድላንድ እስከ ብሩም ያለው ወደ 600 ኪሎ ሜትር ሜዳ ነው። መሐሉ ላይ ሳንድፋየር የሚባል ማደያ አለ፤ እዚያ ነዳጅ ሳይሞላ የሚያልፍ ሰው የለም። ስልክ ረጅም ቦታ ላይ አይሠራም። ከመሸ በኋላ ካንጋሮና አጥር የሌላቸው ከብቶች አስፋልቱ ላይ ይተኛሉ። ሮድ ትሬን የሚባሉት ባለ ብዙ ተሳቢ መኪኖች ደግሞ ርዝመታቸው 53 ሜትር ይደርሳል። አንዱን ለመቅደም ከፊትህ ብዙ ባዶ መንገድ ማየት አለብህ፤ ሲያልፍህም ነፋሱ መኪናህን ይገፋታል፣ መሪውን በሁለት እጅ ያዝ። ብዙ አከራዮች ኪምበርሊ ውስጥ ከከተማ ውጭ በሌሊት መንዳትን በውላቸው ይከለክላሉ። በጥርጊያ መንገድ መንዳትንም እንደዚያው። ውሉን አንብብ፤ ኢንሹራንሱ የሚሠራው በውሉ መሠረት ብቻ ነው።

መንዳት ካማረህ በቀጥታ ብሩም በራችሁ ግቡ፣ መኪናውን እዚያ ተከራይ። ከዚያ ወደ ደርቢ ንዳ፤ 220 ኪሎ ሜትር ሙሉ አስፋልት ነው፣ ጠዋት ወጥታችሁ ከመምሸቱ በፊት ትመለሳላችሁ። ደርቢ ላይ የባሕሩ ሙላትና ሽሽት ከብሩምም ይበልጣል፣ ከ11 ሜትር ያልፋል፤ በአውስትራሊያ የሚያህለው የለም። መንገድ ዳር ሆዳቸው የተነፋ የቦአብ ዛፎች ታያላችሁ። በመተማና በሁመራ በኩል የሚበቅለው ባኦባብ የቅርብ ዘመድ ናቸው፤ እናታችሁ ዛፉን አይተውት ከሆነ ወዲያው ያውቁታል።

የሜልበርኗ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ የሾፌሩን መልስ ሁለቴ አነበበው፣ ደርቢ በምትለው ተስማምቷል። አሁን የቀረኝ የምግቡና የባሕሩ ነገር ነው።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት

እኛም ከሜልበርን ነው የሄድነው፣ አማቴ አብረውን ነበሩ።

ኩሽና ያለው ማረፊያ ያዢ። ለጾመኛ ሌላ መፍትሔ አላገኘሁም። ምግብ ቤቶቹ በዓሣና በሥጋ ላይ ያተኩራሉ፤ ጾም የሚሆን ነገር ብትጠይቂ ድንች ጥብስና ሰላጣ ነው የሚሰጡሽ። ሱፐርማርኬት ግን አለ፤ ምስር፣ ሩዝ፣ ጎመን፣ ቲማቲም ሁሉ ይገኛል፣ ዋጋው ከሜልበርን ወደድ ይላል። እንጀራ በረዶ አድርጌ በሻንጣ ወሰድኩ። ሽሮና በርበሬም ይዤ ነበር። ተቆጣጣሪው ከፍቶ አይቶ አሳለፈኝ።

ይህን ግን ልብ በዪ። ምዕራብ አውስትራሊያ ከሌላ ክፍለ ግዛት የሚገባ ምግብ ላይ ጥብቅ ናት። ማር አታስገባም። ትኩስ ፍራፍሬና አትክልትም እንደዚያው። እናትሽ ከአገር ቤት ያመጡት ማር ካለ ሜልበርን ይቆይ። ለልጆቹ የያዝሽውን ሙዝና ፖም አውሮፕላን ውስጥ ጨርሱት። የምትጠራጠሪው ነገር ካለ ራስሽ ቀድመሽ ተናገሪ፤ የተናገረ ሰው አይቀጣም፣ ቢበዛ ዕቃውን ይጥሉታል።

ባሕሩን በተመለከተ፣ ጁላይ ደህና ወር ነው። አደገኞቹ ጄሊፊሾች በብዛት የሚመጡት ከኖቬምበር እስከ ሜይ ባለው ሙቀት ነው። ቢሆንም እኔ ለልጆቹ ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ አልብሻቸው ነበር፤ ለፀሐዩም ይጠቅማል። አንድ ጠርሙስ አቸቶ መኪና ውስጥ አስቀምጪ። ቢነድፋቸው ቦታውን አትሺ፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አቸቶ አፍስሺበትና 000 ደውዪ።

ኬብል ቢች 22 ኪሎ ሜትር ነጭ አሸዋ ነው። ስሙ በ1889 ከጃቫ በባሕር ሥር መጥቶ እዚያ ከወጣው የቴሌግራፍ መስመር የመጣ ነው። ዋና ጠባቂዎች ባንዲራ በተከሉበት መካከል ብቻ ይዋኙ። አዞ አልፎ አልፎ ይታያል፤ ሲታይ ዳርቻውን ይዘጋሉ፣ እስኪከፈት መጠበቅ ነው። ጅረትና ማንግሮቭ ዳር ግን ማንም እግሩን አያስገባ፤ እዚያ የአዞ ቤት ነው።

መልስ፦ በቅናሽ ተጓዥ

እኔ በኖቬምበር ሄጄ የማረፊያው ዋጋ በጣም ርካሽ ነበር። ጁላይ ሁሉም ሰው የሚሄድበት ስለሆነ ኪስ ይጎዳል። ለምን አታዘገዩትም?

መልስ፦ ብሩም የኖርኩ

ወንድሜ፣ ለብቻህ ወይም ከጓደኛ ጋር ለሆነ ሰው ምክርህ ጥሩ ነው። ለእርሷ ግን አይሆንም። ኖቬምበር ላይ ሙቀቱ ከ33 ዲግሪ በላይ ሆኖ እርጥበቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ኖቬምበር 1 ጀምሮ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ይቆያል። ጄሊፊሹም ያኔ ነው። ብዙ አስጎብኚዎችም ይዘጋሉ። ጎርፍም አለ፤ በ2023 መጀመሪያ ፊትዝሮይ ክሮሲንግ በምትባለው የኪምበርሊ ከተማ የነበረውን ድልድይ ጎርፍ ወስዶት መንገዱ ተቆርጦ ነበር። ጁላይ ላይ ቀኑ 29 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌሊቱ 15 ገደማ ነው። ለጉልበት ሕመምተኛ ከዚህ የተሻለ አየር አላውቅም። ውድ ነው፣ እውነት ነው፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ያዢ፣ ጁላይ ላይ ክፍል ቶሎ ያልቃል።

መልስ፦ ታሪክ ወዳዱ

ባሕሩን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ። ቦታው የያውሩ ሕዝብ አገር ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው በሉል ንግድ ነው፤ ያኔ ዋናው ገንዘብ ከሉሉ ይልቅ ለልብስ ቁልፍ ከሚሆነው ከቅርፊቱ ነበር። መጀመሪያ ላይ ነባር ሕዝቦቹ፣ ሴቶቹም ጭምር፣ ተገድደው እንዲጠልቁ ይደረጉ ነበር። ለእነዚያ ሴቶች መታሰቢያ የቆመ ሐውልት አለ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ናት ቅርፊት ይዛ ከውሃ የምትወጣው። ልጆቹ ይጠይቃሉ፣ በእውነቱ ንገሯቸው።

ከዚያ በኋላ ጃፓኖች መጡ። የጃፓን መካነ መቃብር ውስጥ ከ900 በላይ ጠላቂዎች ተቀብረዋል። የመቃብር ድንጋዮቹ ከባሕር ዳር የተፈለጡ፣ ያልተላጉ ቋጥኞች ናቸው፤ ጽሑፋቸው በጃፓንኛ ነው። አንዳንዱ ሰምጦ፣ አንዳንዱ በአውሎ ነፋስ፣ ብዙው ደግሞ ከጥልቅ ውሃ ፈጥኖ ሲወጣ ደሙ ውስጥ አየር አረፋ ሠርቶበት የሞተ ወጣት ነው። ቦታው ሜዳ ስለሆነ እናትሽ ቀስ ብለው ሊዞሩት ይችላሉ።

ማርች 3 ቀን 1942 የጃፓን የጦር አውሮፕላኖች ወደቡን ደብድበዋል። ከጃቫ የሸሹ የሆላንድ ሴቶችና ሕፃናት የጫኑ የባሕር አውሮፕላኖች ባሕረ ሰላጤው ላይ ቆመው ነበር። ስብርባሪያቸው ዛሬም ጭቃው ውስጥ አለ፤ ውሃው እጅግ ሲሸሽ ብቻ ይታያል። ወደዚያ በእግር መሄድ ረጅምና ጭቃ የበዛበት ስለሆነ ለባለቤትሽ እንጂ ለእናትሽ አይሆንም፤ እርሱም የመመለሻ ሰዓቱን አውቆ ይሂድ።

ጋንቶም ፖይንት ላይ ደግሞ 130 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የዳይኖሰር ዱካዎች አሉ። እነርሱም ውሃው በጣም ሲሸሽ ነው የሚገለጡት፤ በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ሽሽቱ ማለዳና ማምሻ ላይ ይሆናል። ድንጋዩ ያዳልጣል። እናትሽ ወደ ታች አይውረዱ፣ ላይ የዱካው ቅጂ በሲሚንቶ ተሠርቶ ተቀምጧል፤ እርሱን በእጃቸው ይዳስሱ። ነባሮቹ ዱካውን ማራላ የሚሉት የኢሙ ሰው የረገጠው ነው ይላሉ፤ ኢሙ ሰጎን የሚመስል ትልቅ ወፍ ነው።

የሜልበርኗ፦

ስለ ግመሉስ? እናቴ ድሬዳዋ ግመል እያየች አድጋ፣ እዚህ አውስትራሊያ ባሕር ዳር ግመል አለ ስላት አላመነችኝም።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት

አለ! ኬብል ቢች ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ በሰልፍ ይሄዳሉ። ጁላይ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ልጆቹ ይንዱት። ግመሉ ሲነሣ መጀመሪያ በኋላ እግሩ ስለሆነ ወደ ፊት ይወረውራል፤ የእናትሽ ጉልበትና ወገብ ይህን አይወድም። አማቴ ከላይ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ነው ያዩት፣ «እነዚህስ ጠግበዋል» እያሉ።

የልብስም ነገር አለ። የእዚያ አገር አፈር ፒንዳን ይባላል፣ እንደ በርበሬ የቀላ ነው። ነጭ ልብስ ላይ ከተቀመጠ በማጠቢያ ማሽን አይለቅም። እናትሽ ነጠላቸውን ቀን ቀን ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት፣ ለመንገድ ጠቆር ያለ ሻርፕ ስጪያቸው።

መልስ፦ ሾፌሩ ከፐርዝ

ለባለቤትሽ አንድ ነገር ጨምሪልኝ። ከኬብል ቢች ቋጥኞች በስተሰሜን መኪና አሸዋው ላይ ይፈቀዳል። ሰው ሲገባ አይቶ እንዳይከተል። በኪራይ መኪና መግባት አብዛኛው ውል ላይ የለም፤ ውሃው ሲመለስ ደግሞ ፈጣን ነው፣ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ መኪና ይዞ ይሄዳል። ላይ አቁሙና በእግር ውረዱ።

የሜልበርኗ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሠንጠረዡን የት ነው የማየው? እና ልጆቹን ማታ የት ልውሰዳቸው?

መልስ፦ ብሩም የኖርኩ

የአውስትራሊያ የአየር ትንበያ ቢሮ ድረ ገጽ ላይ የብሩም ወደብ ሙላትና ሽሽት በየቀኑ ከነሰዓቱ አለ። ለዳይኖሰሩ ዱካ ከ1.3 ሜትር በታች የሚል ቀን ፈልጊ። ማታ ደግሞ ቻይናታውን ውስጥ ሰን ፒክቸርስ አለ፤ ከ1916 ጀምሮ ያለ፣ ግማሹ ጣሪያ የሌለው ሲኒማ ነው። በሸራ ወንበር ተደግፈሽ ስታዪ አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላኑ ከራስሽ በላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል፣ ልጆቹ ከፊልሙ በላይ እርሱን ነው የሚወዱት። ለእናትሽ ብርድ ልብስና ትራስ ይዘሽ ሂጂ።