የአያቴ ኮርቻ የጣሊያን ነው ወይስ የማን?

የቡሬው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለፋሲካ ቡሬ ሄጄ ነበር። የአያቴን ጎተራ ስናጸዳ ከጆንያ ክምር ስር አንድ ኮርቻ ወጣ። የሀገራችን ኮርቻ አይደለም። የኛው ፊትና ኋላው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ይሄ ግን ለስለስ ብሎ ነው ከፍ የሚለው። እርካቡ ደግሞ ቡት ጫማ ከነተረከዙ ያስገባል። አያቴ ባዶ እግሩን በአውራ ጣቱ ረግጦ የሚጋልብ ሰው ነበር።

መቀመጫው ቆዳ ነው፤ ደርቆ ቋንጣ ሆኗል። ከስሩ ሁለት ረጃጅም ጣውላዎች አሉ፤ ፊትና ኋላ በብረት ቅስት ተያይዘዋል። አንዱ ጣውላ ላይ የዶሮ እግር የመሰለ ምልክት ተመትቷል።

አባቴ እንደሚለው አያቴ በ1933 ከጣሊያን መኮንን የማረከው ነው። ይህን ወሬ ሰርግ ቤትም ልቅሶ ቤትም ሰምቼዋለሁ። ጣሊያን የዶሮ እግር ምልክት ነበረው እንዴ?

ቆዳ ሰፊው፦
ወንድሜ፣ የዶሮ እግር አይደለም፤ ቀስት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ሁሉ እሱ ይመታበት ነበር፣ ከጠመንጃ እስከ ውሃ ኮዳ። የጣሊያን ጦር ቢሆን «አር ኢ» የሚሉ የላቲን ፊደሎችን ትጠብቅ ነበር፤ የንጉሣዊው ጦር ምህጻር ናቸው።

አሁን ጣውላውን ወዝወዝ አድርገው፣ በቀስታ። እንደ በር ማጠፊያ ከቅስቱ ጋር ከተንቀሳቀሰ እ.ኤ.አ. የ1912ቱ ሞዴል ነው። ጣውላው ከፈረሱ ጀርባ ጋር እንዲሄድ ብለው የሠሩት ነው፤ ፈረሱ ሲከሳም ሲወፍርም አይልጠውም። ድርቅ ካለ የ1902 ወይም የ1890 ሊሆን ይችላል።

ከቀስቱ አጠገብ ፊደል ካለ ተመልከት። «አይ» ካለው የሕንድ ጦር ነው። ግራና ቀኙ «ዲ» ከሆነ የአውስትራሊያ። ምልክቱን ለማንበብ የስልክህን መብራት ከጎን አብራበት፤ ከፊት ለፊት ካበራህበት ምንም አይታይህም። ወይ ወረቀት አስደግፈህ እርሳስ እሸበት። እባክህን በቢላ እንዳትፍቀው! የጫማ ቀለምም አትቀባው። ሰው አሳምራለሁ ብሎ ስንቱን ምልክት ሲደፍን አይቻለሁ።

ፈረሰኛ ዘእንጅባራ፦
እኛ ጋ በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሰኛው ሲወጣ እንዲህ ያለ ኮርቻ አልፎ አልፎ አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ «የእንግሊዝ» ነው የሚሉት።

ቡሬ ላይ መገኘቱ አይገርምም። ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ በኩል ከሱዳን ሲገቡ የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጦር አብሯቸው ነበር። ጭነቱ በግመል ነበር፤ ግመሉ ግን ቆላውን ጨርሶ ደጋው ላይ አለቀ። የካቲት መጨረሻ ላይ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወጣ። ከዚያ በኋላም በ1934 የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን መጥቶ ጦራችንን አሠልጥኗል። ስለዚህ የእንግሊዝ ዕቃ በሀገሩ ሞልቶ ነበር። አያትህ ኮርቻውን ከማን እጅ አገኙት? ጥያቄው እሱ ነው።

በነገራችን ላይ የፈረሳቸው ስም ማን ነበር? ኮርቻ ተጠይቆ የፈረስ ስም ሳይነሳ አይታለፍም፣ ሚኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ እየተባሉ።

የቡሬው ልጅ፦
ተመለስኩ። ጣውላው ይንቀሳቀሳል! ፊደል ግን የለውም። መብራቱን ከጎን ሳበራ ሌላ ነገር ወጣ፦ ከቀስቱ ፊት ለፊት ሁለተኛ ቀስት አለ። ጫፍ ለጫፍ ገጥመዋል፣ ሊዋጉ እንደተፋጠጡ አውራ ዶሮዎች። ፈረሱ «ዳማ» ይባል ነበር፣ በመልኩ ነው የተጠራው። ሌላ ማዕረግ አልነበረውም መሰለኝ።

ቆዳ ሰፊው፦
አይ፣ እንግዲህ ይቅርታ አድርግልኝ። ሁለት ቀስት ጫፍ ለጫፍ ሲገጥም «ጦሩ ሸጦታል፣ ከመዝገብ ወጥቷል» ማለት ነው። ሰርቆ ነው እንዳይባል ገዢው መተማመኛ ይሆነዋል። የተማረከ ዕቃ ላይ ማንም ቁጭ ብሎ እንዲህ ዓይነት ማኅተም አይመታም። አያትህ ወይ ከነጋዴ ገዝተዋል፣ ወይ የገዛ ሰው ሰጥቷቸዋል።

የቡሬው ልጅ፦
ትናንት ማታ ታላቋ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ዘጠናን ተሻግራለች። ገና «ኮርቻው...» ስላት ሳቀች። «አባባ ገበያ ላይ በአንድ ወይፈን ነው የለወጠው፤ እናቴ ስለ ወይፈኑ ዓመት ሙሉ ስታኮርፍ ነበር። ጣሊያኑን የጨመረው አባትህ ነው፣ አስኮላ ሲገባ» አለችኝ። እርካቡንም አያቴ ወዲያው አውልቆ የራሱን አስሮበት ነበር አለች። ለካ ለዚህ ነው ብረቱ ያልተበላው።

ቆዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ጥላ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አባቴ ዛሬም ለጎረቤት «ምርኮ ነው» እያለ ነው። የሁለቱን ቀስት ፎቶ አላሳየሁትም።