የዶከር ኮንቴይነር ሲቆም ኤግዚት ኮዱ 137፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ 255፤ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለገጣፎ አንድ መጋዘን ውስጥ ያለ ሰርቨር ነው፤ ዩቡንቱ ላይ በዶከር ኮምፖዝ (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የየራሳቸው ክፍል አብሮ በሚያስነሳው) የኖድ ጄኤስ አፕሊኬሽንና ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ይሠራሉ። አፕሊኬሽኑን ሳቆመው 10 ሰከንድ ቆይቶ በኤግዚት ኮድ (ፕሮግራም ሲዘጋ በሚተወው ቁጥር) 137 ይወጣል። ራም አልቆ ይሆን? መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱ ሲያልቅ ደግሞ 255 ነው የማገኘው። ምን ላስተካክል?

መልስ 1፦
137 ማለት 128 ሲደመር 9 ነው፤ 9 ሲግኪል፣ ማለትም ፕሮግራሙን በግድ የሚገድል ሲግናል (የሲስተም ምልክት) ነው። ራም መሆን አለመሆኑን ዶከር ኢንስፔክት ላይ «ኦኦኤምኪልድ» (ራም አልቆ ተገደለ) የሚለው ይነግርሃል። ሁሌ በ10ኛው ሰከንድ ከሆነ ግን ራም አይመስለኝም። ዶከር ስቶፕ መጀመሪያ ሲግተርም (በሥርዓት ዝጋ የሚል ሲግናል) ይልካል፣ 10 ሰከንድ ይጠብቃል፣ እምቢ ካለው ይገድለዋል። ኢሜጁ የሚሠራበትን ዶከርፋይልህን እየው፤ ሲኤምዲ (የማስነሻው ትእዛዝ) ያለ ካሬ ቅንፍ ከተጻፈ ፒአይዲ 1፣ ማለትም ሲግናሉ የሚደርሰው የኮንቴይነሩ የመጀመሪያ ፕሮሰስ፣ የሚሆነው ሼሉ (ትእዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም) ነው፣ እሱም ብዙውን ጊዜ ሲግናሉን ወደ ውስጥ አያሳልፍም። በካሬ ቅንፍ፣ «ኖድ» እና የፋይሉን ስም ለየብቻ በድርብ ጥቅስ ጻፍ። አፕሊኬሽኑን በኤንፒኤም (በኖድ የፓኬጅ መሣሪያ) የምታስነሳው ከሆነም እሱን ከመሀል አውጣው።

መልስ 2፦
ልክ ነው፣ ግን አይበቃም። ፒአይዲ 1 የሆነ ፕሮሰስ ሲግተርምን የሚቀበል ኮድ ከሌለው ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ሲግናሉን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ኮምፖዝ ላይ «ኢኒት» ትሩ ብትል ፒአይዲ 1 ሲግናል የሚያሳልፍ ትንሽ ፕሮግራም ይሆናል፣ አፕሊኬሽኑም ወዲያው በ143 (128 ሲደመር 15፣ ሲግተርም) ይወጣል፤ የተጀመረው ሥራ ግን መሀል ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ኮዱን ጻፈው፦ አዲስ ጥያቄ መቀበል ያቁም፣ የጀመረውን ይጨርስ፣ የዳታቤዝ ግንኙነቱን ይዝጋ፣ ሎግ ላይ አንድ መስመር ይተው፣ በ0 ይውጣ። 10 ሰከንድ ካነሰው ኮምፖዝ ላይ «ስቶፕ ግሬስ ፔሪየድ»ን (የመጠበቂያ ጊዜውን) 30 ሰከንድ አድርገው። ፖስትግሬስን አትንካው፤ ኦፊሴላዊው ኢሜጅ የሚቆመው በሲግኢንት (በሌላ የማቆሚያ ሲግናል) ነው፣ በሲግተርም ከሆነ ደንበኞቹ እስኪወጡ ይጠብቃል።

መልስ 3፦
255 የሚመጣው ማሽኑ ድንገት ሲሞት መጨረሻውን የመዘገበ ስለሌለ ነው። ዩፒኤሱን በዩኤስቢ አገናኝና ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የሚባለውን ፕሮግራም ጫን፤ ባትሪው ሳያልቅ ማሽኑን ራሱ ያጠፋዋል። ያረጀ ባትሪ ሳያስጠነቅቅ ስለሚወድቅ፣ መብራት በጠፋ በ2 ደቂቃ እንዲያጠፋ ብታደርገው ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ ከማጥፋቱ በፊት ዶከር ስቶፕ የሚል ስክሪፕት ካስገባህና የሪስታርት ፖሊሲው «አንለስ ስቶፕድ» (ሰው ካላቆመው በቀር አስነሳው) ከሆነ፣ መብራት ሲመጣ ኮንቴይነሩ አይነሳም። ማቆሙን ማሽኑ ሲጠፋ አገልግሎቶችን ለሚዘጋው ለሲስተምዲ ተወው። «ኮምፖዝ ዳውን» ደግሞ ኮንቴይነሩን ከነመዝገቡ ያጠፋዋል።

ኮንቴይነሩ እንደገና ሲነሳም የቀድሞው ኤግዚት ኮድ ይሰረዛል፤ ስለዚህ የዶከር ኢቨንትስን «ዳይ» (ኮንቴይነሩ ሲሞት የሚመዘገቡ) መስመሮች ወደ ፋይል አስቀምጥ። ዶከር ኢንስፔክት ላይ ያለው «ፊኒሽድ አት» (ያበቃበት ሰዓት) በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው፦ 11:40 ካለ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 8:40 ነው።