ሰዓት አመሳሳዩ ኤንቲፒ ይነሳና ወዲያው ይሞታል፤ የሐበሻ ሰዓት የተሞላ ሰርቨር እንዴት ይመሳሰላል?

ጥያቄ፦ የገላኗ
ሰላም ለሁላችሁ። ገላን አካባቢ ያለ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ሦስት ሰርቨር አለን። ሁለቱ ኡቡንቱ የሚባለውን ሲስተም የጫኑ ናቸው፣ አንዱ ዳታቤዝ፣ አንዱ ባክአፕ። ሦስተኛው ፍሪቢኤስዲ የሚባል ሌላ ሲስተም ነው፤ የመኪና ሚዛኑን ፕሮግራም የያዘው እሱ ነው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓታቸው ይለያያል። ሰሞኑን ሂሳብ ክፍል አንድ ደረሰኝ መለሰልኝ፤ ብረት የጫነ ሲኖ ነው፣ መግቢያ 09:12 መውጫ 03:47 ይላል። መግቢያውን የሚመዘግበው ዳታቤዙ ነው፣ መውጫውን ደግሞ የሚዛኑ ሰርቨር። የሚዛኑን ሰርቨር በፊት የነበረ ባለሙያ ሆን ብሎ በሐበሻ ሰዓት ሞልቶታል፣ ሚዛን ላይ ያሉት ልጆችም ለምደውታል። እሱ ላይ የኤንቲፒውን ፕሮግራም፣ ኤንቲፒዲን፣ ሳስነሳው ትንሽ ይቆይና ይጠፋል። ሎጉ ማስተካከያው 21600 ሰከንድ ገደማ እንደሆነና የ1000ን ገደብ እንዳለፈ ይናገራል። ኢንተርኔታችንም ይቆራረጣል። የሐበሻ ሰዓቱን ሳልነካ ማመሳሰል ይቻላል?

መልስ፦ ሩት ቃሊቲ
እህቴ፣ 21600ን ለ3600 አካፍዪው። 6 ይመጣል። በሐበሻና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው፤ ችግርሽ እሱው ነው።

ኤንቲፒ የሐበሻ የፈረንጅ የሚባል ነገር አያውቅም፣ የሚያውቀው ዩቲሲን፣ ማለትም የዓለምን መነሻ ሰዓት፣ ብቻ ነው። እንደ ኡቡንቱና ፍሪቢኤስዲ ባሉ የዩኒክስ ዓይነት ሲስተሞች ውስጥ ሰዓት ማለት ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው። እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን፤ ያንን ደምሮ የሚያሳየን ታይምዞኑ ነው። ሰውዬው በእጁ ሲሞላው ታይምዞኑን አልነካም፣ ቆጠራውን ራሱን 6 ሰዓት ወደኋላ ጎተተው። ኤንቲፒዲ ደግሞ ከ1000 ሰከንድ በላይ ልዩነት ካየ ያልታወቀ ችግር አለ ብሎ ራሱን ያጠፋል። ቀስ ብሎ እንዲያስተካክለው ማስገደድም አያዋጣም፤ በየሴኮንዱ ከግማሽ ሚሊሴኮንድ በላይ አይነቀንቀውም፣ በዚያ አካሄድ 6 ሰዓቱን ለመጨረስ 500 ቀን ይፈጅበታል።

አርሲ ኮንፍ በሚባለው የፍሪቢኤስዲው ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ኤንቲፒዲ ኢኔብልን የስ በዪው፣ ኤንቲፒዲ ሲንክ ኦን ስታርትንም የስ በዪው። ሁለተኛው ሲነሳ አንዴ ብቻ ትልቁን ልዩነት እንዲዘል ይፈቅድለታል። እባክሽ ግን መጀመሪያ የሚዛኑን ፕሮግራም አቁሚ። ግቢ ውስጥ ተመዝኖ ያልወጣ መኪና እያለ ሰዓቱ 6 ሰዓት ቢዘል ሌላ ጣጣ ነው።

መልስ፦ የሰበታ ልጅ
ሩት ያለችው ትክክል ነው፣ እኔ ስለ ኢንተርኔቱ ልጨምር። ሦስቱም በየፊናቸው ውጭ ወጥተው ሰዓት መጠየቅ የለባቸውም። አንዱን አለቃ አድርጊው፣ ለምሳሌ ባክአፑን። ኡቡንቱ እስከ 25.04 ድረስ ይዞት ይመጣ የነበረው ታይምሲንክዲ ሰዓት ይቀበላል እንጂ ለሌላ አይሰጥም፤ ስለዚህ ክሮኒ የሚባለው ሰዓት አመሳሳይ ከሌለው እሱን ጫኚ። ክሮኒ ኮንፍ በሚባለው ማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ፣ ፑል የሚለውን ከውጭ ሰዓት የሚጠየቅበትን መስመር ከነአይበርስቱ እንዳለ ተዪው። ከሥሩ አላው ብለሽ የውስጥ ኔትወርካችሁን አድራሻ ጻፊ፣ ቀጥሎ ሎካል ስትራተም 10። ይቺ የመጨረሻዋ መስመር ናት ለእንደናንተ ዓይነት ቦታ የምትጠቅመው፤ ኢንተርኔት ሲጠፋም ባክአፑ ለሌሎቹ ሰዓት መስጠቱን ይቀጥላል። ከእውነተኛው ሰዓት ትንሽ ሊንሸራተት ይችላል፣ ግን ሦስቱ አብረው ነው የሚንሸራተቱት። ለሚዛን ሥራ እርስ በርስ መግባባታቸው ይበልጥብኛል።

ከዚያ ዳታቤዙም ፍሪቢኤስዲውም የባክአፑን አድራሻ ብቻ ይያዙ። ፋየርዎል ላይ ኤንቲፒ የሚያልፍበት የዩዲፒ 123 ፖርት ክፍት ይሁን። ክሮኒሲ ሶርስስ የሚለውን የክሮኒ ትዕዛዝ ሰጥተሽ ስታዪ ከአንዱ መስመር ፊት ኮከብ ካለ ይዟል ማለት ነው። ሪች የሚለው ዓምድ 377 ከደረሰ ያለፉት 8 ጥያቄዎች በሙሉ መልስ አግኝተዋል። 0 ላይ ከቆመ ፋየርዎሉን ወይም መስመሩን ፈትሺ።

ክሮኒ ኮንፍ ውስጥ ሜክስቴፕ 1 3 የሚል መስመር ታገኛለሽ፣ እንዳትሰርዢው። በመጀመሪያዎቹ 3 ማስተካከያዎች ልዩነቱ ከ1 ሰከንድ ካለፈ ይዝለል፣ ከዚያ በኋላ ግን ቀስ እያለ ብቻ ያስተካክል ማለት ነው። የሚቆጥረው ማስተካከያ እንጂ ደቂቃ ስላልሆነ ራውተሩ ከሰርቨሩ ዘግይቶ ቢነሳም ችግር የለውም።

መልስ፦ ባለ ሶልደሩ
መብራት ሲጠፋ ነው ሰዓቱ የሚዛባው ካልሽ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ እዪያት። ሲአር 2032 ናት፣ 3 ቮልት፣ መርካቶ እንደ ልብ ትገኛለች። ሰርቨሩን ከነገመዱ ነቅለሽ አሳድሪው፣ ጠዋት ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቢ። ቀኑ ድሮ ላይ ከሄደ ባትሪዋ ሞታለች። ከቀየርሻት በኋላ ባዮሱን በዩቲሲ ሙዪው፤ እኛ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን 06:00 ማለት ነው። ፍሪቢኤስዲው ላይ ደግሞ ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ዎል ሲሞስ ክሎክ የሚባል ፋይል ካለ አጥፊው፤ እሱ ካለ ባዮሱን እንደ አገር ሰዓት ነው የሚያነበው።

መልስ፦ ሱሉልታ ቢኤስዲ
የሐበሻ ሰዓቱን ማትረፍ ይቻላል። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በዩቲሲ 06:00 ነው፣ ስለዚህ የሐበሻ ሰዓት ከዩቲሲ 3 ሰዓት ወደኋላ እንደሆነ ታይምዞን ቁጠሪው። ዝርዝሩ ውስጥ ኢቲሲ ጂኤምቲ ፕላስ 3 የሚባል አለ። ፕላስ ስለሚል አትደናገጪ፣ እነዚህ ስሞች ምልክታቸው የተገለበጠ ነው፤ ፕላስ 3 ማለት 3 ወደኋላ ነው። ይህን ለሰርቨሩ በሙሉ አትስጪው። ታይምዞን የሚወስነውን ቲዚ የሚባል ተለዋዋጭ ደረሰኝ ለሚያትመው ፕሮግራም ብቻ ስጪው፣ ሰርቨሩ የአዲስ አበባን ታይምዞን ይያዝ። ልጆቹ የለመዱትን ያያሉ፣ ከሥር ያለው ቆጠራ ንጹሕ ነው።

መልስ፦ ሩት ቃሊቲ
ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን ቀኑን ተጠንቀቂ። በዚያ ታይምዞን ቀኑ የሚቀየረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት የገባ መኪና ደረሰኙ ላይ በትናንትናው ቀን ይወጣል። የምሽት ፈረቃ ካላችሁ ሰዓቱን በዚህ፣ ቀኑን በአዲስ አበባ ታይምዞን አሳትሚ። ዳታቤዝ ውስጥ የሚገባው ግን ሁልጊዜ ዩቲሲ ይሁን።

የገላኗ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። የሚዛኑ ባትሪ ሞታ ነበር፣ ተቀየረች። መኪና በሌለበት እሁድ ፕሮግራሙን አቁሜ አስነሳሁት፣ ኤንቲፒዲው አሁን አይሞትም። ኢንተርኔቱን ነቅዬ አየሁ፣ ሦስቱም የሚያሳዩት ተመሳሳይ ሰዓት ነው። የቀረኝ የድሮው መዝገብ ነው። የሚዛኑ መውጫዎች ላይ በሙሉ 6 ሰዓት ልደምርባቸው?

መልስ፦ የሰበታ ልጅ
የተጻፈውን አትንኪው። አጠገቡ አዲስ ዓምድ ጨምሪና የተስተካከለውን እዚያ አስገቢ። በእጅ የተሞላ ሰዓት ልክ 6 ሰዓት ብቻ አይሳሳትም፣ ባትሪዋም ስትሞት የነበረ ነው፤ ስለዚህ ሂሳብ ክፍል የሚከራከርባቸውን ደረሰኞች ከጥበቃው የበር መዝገብ ጋር አመሳክሪ። እሁድ ሰዓቱ የዘለለበትን ደቂቃም ከሎጉ አውጥተሽ ያዢ፣ ድምሩ የሚነካው ከዚያ በፊት ያሉትን መስመሮች ብቻ ነው።