ከነጠላ ጃኬት ለመስፋት ጥለቱን መቁረጥ ተገቢ ነውን?

ጥያቄ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። በባሕር ዳር የፋሽን ዲዛይን ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ የነጠላ ጥለት ቆርጬ በጃኬት ደረትና ኪስ ላይ ልሰፋ አስቤ ነበር፤ እናቴ ግን ጥለት በመቀስ ሲነካ ማየት አልወደደችም። ልብሱ የእኔም የጎጃምም መሆኑ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። ከዚህ የተሻለ መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ 1፦
እኅቴ፣ በሽመና ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ጥለት ሸማኔው ባለቀለም ክሩን ከድሩ ጋር እያጠላለፈ፣ ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚሠራው ስለሆነ ሲቆረጥ ይተረተራል፤ እናትሽ እውነት አላቸው። ንድፍሽን ይዘሽ ድሩ ከመወጠሩ በፊት ሸማኔ ዘንድ ሂጂ። የኪሱና የእጅጌው ልክ አስቀድሞ ከታወቀ ጥለቱ በቦታው ይሠራልሻል፣ መቀስም የሚያርፈው ባዶው ሸማ ላይ ብቻ ይሆናል። ነጠላ ስስ በመሆኑ ገበር አትርሺ።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ሆኖም የጎጃም መልክ በጥለት ብቻ ይገለጣል ብዬ አላምንም። የገበሬዎቻችን አረንጓዴ ቁምጣ ከፋብሪካ ጨርቅ የሚሰፋ ሆኖ ሳለ፣ ከጋቢና ከዱላ ጋር ሲታይ ባለቤቱ ከየት እንደመጣ ያለ ጥያቄ ይታወቃል። በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ወዳለው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥር ተደፍተው የተሣሉበትን ሥዕል ብታዪ ደግሞ መልካም ነው፤ በጎንደር ዘመን የቤተ መንግሥት ሰዎች ከባሕር ማዶ የመጣ ሐር እየለበሱ የአገራቸውን መልክ አላጡም። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ አለባበሱ ነው። ያው አንዱ ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣፋል፣ ለሀዘን ጥለቱ ወደ ላይ ይዘቀዘቃል፤ ለባሿ ያለችበትን ሁኔታ ሳትናገር ታስታውቃለች። ጃኬትሽ ላይ እንደ ነጠላ የሚጣፋና የሚገለበጥ ክፍል ብትጨምሪ፣ ከምንም ጌጥ በላይ የእኛ ይሆናል።

ጠያቂዋ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። የሚገለበጠውን ክፍል በትከሻ ላይ ላደርገው ነው፤ ንድፉን ሳልጨርስ ሸማኔ አማክራለሁ።

መልስ 1፦
አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ፈቃዱን ጠይቀሽ ከስምሽ ጎን የሸማኔውን ስም በልብሱ ላይ ጻፊለት።