እናቲቱ ትዝታቸውን በሚያጡበት ተከታይ ልብ ወለድ ምስጢሩ በምን ይገለጥ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያው ልብ ወለዴ የሚያበቃው በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ እናት የ18 ዓመት ልጃቸው በቀይ ሽብር ከተገደለች በኋላ የሟቿን ጨቅላ «የራሴ ናት» ብለው ያሳድጓታል። ስለ ሟቿም «ታላቅ እኅትሽ ሱዳን ተሰዳ ቀረች» ብለዋት ይኖራሉ። አሁን በምጽፈው ሁለተኛ ክፍል ያቺ ጨቅላ 47 ዓመት ሞልቷት፣ «እማዬ» የምትላቸውን አያቷን ከአልዛይመር ሕመም ታስታምማለች። እናቲቱ አእምሯቸው ጠራ ባለ አንድ ቀን ሁሉንም እንዲናገሩ አስቤ ነበር፤ ሆኖም ትዕይንቱን በጻፍኩት ቁጥር ሕመሙ ለእኔ እንዲመች የተፈጠረ ይመስለኛል። የፊተኛውን መጽሐፍ ላላነበበ ሰውስ ያለፈውን እንዴት ልንገረው?

መልስ 1፦
እናቴን 7 ዓመት አስታምሜያለሁ። ጠራ የሚልበት ቅጽበት አለ፤ ረጅም ኑዛዜ የሚያስችል ሆኖ ግን አላየሁም። ሕመሙ ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ትዝታ የሚመዘገብበትን ሂፖካምፐስ የሚባል የአንጎል ክፍል በመሆኑ፣ ታማሚው የዛሬ ቁርሱን ረስቶ የዛሬ ሃምሳ ዓመቱን በግልጽ ሊያወራ ይችላል። እናቴ ቡናውን ራሷ ቆልታ ጭሱን ለሁላችንም ታዞርና፣ በረካው ተጠጥቶ ሲኒው ሲታጠብ «ዛሬ ቡና አይፈላም እንዴ?» ትለን ነበር። በመስተዋት የምታያትን ሴት እንግዳ መስላት «ግቢ በያት» ብላኛለች። ስለዚህ የእርስዎ እናት የሚረሱት ምስጢሩን ሳይሆን ምስጢር መሆኑን ነው። አመሻሽ ላይ፣ ታማሚዎች ይበልጥ ግራ በሚጋቡበት ሰዓት፣ የልጅ ልጃቸውን በሟች ልጃቸው ስም ጠርተው «ተነሺ እንጂ፣ ሕፃኗ እያለቀሰች ነው፤ አጥቢያት» ቢሏትስ? የምታለቅሰው ሕፃን እኮ ራሷ ናት።

መልስ 2፦
ያለፈውን ታሪክ በመግቢያው ምዕራፍ አያጭቁት። ታማሚ አንዱን ጥያቄ በቀን ደጋግሞ ስለሚጠይቅ፣ እናቲቱ «ያቺ ልጅ የት ሄደች?» ባሉ ቁጥር ልጅቱ የተነገራትን የሱዳን ታሪክ ብትመልስላቸው፣ አዲሱ አንባቢ ነገሩን ቀስ በቀስ ያገኘዋል፤ የቀድሞው አንባቢ ደግሞ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ይጨነቃል። ከዚህ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ሐዘኑ ነው። በዚያ ዘመን ለተገደለ ልጅ ማልቀስና ሐዘን መቀመጥ ተከልክሎ እንደነበር፣ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦችም እንደነበሩ ያውቃሉ። እናቲቱ ልጃቸውን አላለቀሱም። ሕመሙ ክልከላውን ሲያስረሳቸው ለቅሶው ሊመጣ ይገባል ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ለመሆኑ የሕፃኗን ክርስትና በፊተኛው መጽሐፍ እንዴት ጻፉት?

የጠያቂው ምላሽ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በ80 ቀኗ፣ በማለዳ፣ ያለ ድግስ ክርስትና እንደተነሳች ጽፌያለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልገለጽኩም ነበር። ያን የኑዛዜ ትዕይንት ሰርዤዋለሁ። ምዕራፉ አሁን የሚጀምረው፣ በሰፈሩ ሞት ባልተሰማበት ጠዋት፣ ልጅቱ እናቲቱን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ስታገኛቸው ነው።