ቀጭን ኮአክሲያል ኔትወርክ፦ ካርዶቹ ደህና፣ ፋይል ግን አያልፍም

ጠያቂ (ፒያሳ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ተማሪዎች የድሮውን ኔትወርክ ሲሠራ እንዲያዩት ሦስት 486 ኮምፒውተሮችን በአንድ ኮአክሲያል ኬብል (መሃሉ ሽቦ፣ ዙሪያው የብረት ቅርፊት ያለው) እያያያዝን ነው። የኔትወርክ ካርዶቹ ኤንኢ2000 ዓይነት፣ ኬብሉ አርጂ-58 የሚባለው ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት ተርሚኔተሮች (ኬብሉን የሚዘጉ ሬዚስተር ያለባቸው ክዳኖች) መርካቶ ከካሜራ ዕቃ ሱቅ የተገዙ ናቸው። ካርዶቹ ለየብቻ ሲፈተሹ ያልፋሉ፤ ፋይል ሲላክ ግን ግጭት (ሁለት ኮምፒውተር በአንዴ ሲልኩ የሚፈጠረውን) ብቻ ይቆጥራሉ።

ባለሜትር፦ ሁሉንም አጥፋ። አንዱን ቲ (ኬብሉን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘውን ባለ ሦስት አፍ ማያያዣ) ከካርዱ ነቅለህ በመሃል መርፌውና በቅርፊቱ መካከል ስንት ኦም እንዳለ ለካ። 25 አካባቢ መሆን አለበት። 50 ካነበበ አንዱ ጫፍ ተላቋል፤ ወደ ዜሮ ከወረደ የሆነ ቦታ ሾርት አለ።

ጠያቂ፦ 37.8 ይላል።

ባለሜትር፦ በቃ፣ ተርሚኔተሮቹ የቪዲዮ ናቸው፣ ባለ 75 ኦም፤ ይህ ኬብል ግን ባለ 50 ይፈልጋል። ሁለት 75 ጎን ለጎን 37.5 ይሆናሉ። ካርዱ ሲልክ በአማካይ 41 ሚሊአምፔር ይስባል፤ በ25 ኦም ላይ 1 ቮልት ገደማ ይፈጥራል፣ በ37.5 ላይ ግን 1.5 ይደርሳል። ካርዱ ሁለት ኮምፒውተር አንድ ላይ ላኩ የሚልበት ቮልት እዚያው አካባቢ ስለሆነ፣ ብቻውን ሲልክም ግጭት ነው ብሎ ያቆማል። አዲስ ፍለጋ አትድከም፤ ባዶ የቢኤንሲ ራስ (የዚሁ ኬብል መሰኪያ) ውሰድና ሁለት ባለ 100 ኦም፣ ሩብ ዋት ሬዚስተር ጎን ለጎን አድርገህ ከመርፌው ወደ ቅርፊቱ በይዳቸው። ሁለት ራስ፣ አራት ሬዚስተር ይበቃል።

የኬብል ሰው፦ ኬብል ሲያንስህ ደግሞ የካሜራውን አርጂ-59 እንዳትቀጥል፤ እሱም 75 ነው። ቲው ካርዱ ላይ ራሱ ይሰካ፣ በመሃል ቁራጭ ኬብል አይግባ። ከቲ እስከ ቲ ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ ጠቅላላው እስከ 185 ሜትር። መሬት ካሰርክ በአንድ ጫፍ ብቻ፤ ሌሎቹ የቲ ብረቶች የኮምፒውተሩን ቆርቆሮ እንዳይነኩ በቴፕ ሸፍናቸው።

ጠያቂ፦ ተበየደ፣ አሁን 25.4 ያነባል። ሁለቱ ፋይል ተላላኩ! እግዜር ይስጥልኝ። ሦስተኛው ግን ማውሱ ሲነካ ይደርቃል።

ባለሜትር፦ ማውሱ ኮም2 (ሁለተኛው ሲሪያል ፖርት) ላይ ነው አይደል? ኤንኢ2000 ሲመጣ አይአርኪው 3 ላይ ነው (አይአርኪው ዕቃው ኮምፒውተሩን የሚጠራበት ቁጥር ነው)፣ የኮም2 ቁጥርም ያው 3፤ ስለዚህ ይጋጫሉ። ማውሱን ወደ ኮም1 አዛውረው፤ ኮም1 ከተያዘ ካርዱን በጃምፐር (ካርዱ ላይ ባለችው ትንሽ ማገናኛ) ወደ አይአርኪው 5 ውሰደው፣ 5ን የያዘ የድምፅ ካርድ ከሌለው። ድራይቨሩ ላይም ቁጥሩን መቀየር አትርሳ።

ጠያቂ፦ ኮም1 ባዶ ነበር። ሦስቱም ይነጋገራሉ።