አስቸኳይ፦ የወጣት ማዕከላችን የባለሙያ መደብ ነገ ሊታጠፍ ነው፤ ምን ይዤ ልግባ?

የማዕከሉ ቁልፍ (ጠያቂ)
የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ደረሰኝ። መደቤ ታጥፎ ቁልፉን ንብረት ክፍል ይረከብ፣ አዳራሹም ለስብሰባና ለሠርግ ይከራይ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ኮሚቴው ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ይወስናል፤ ለእኔ 10 ደቂቃ ተሰጥቶኛል። የሥራ መዘርዝሬን ሳወጣው ያለው አራት ነጥብ ብቻ ነው፦ ማዕከሉን መክፈትና መዝጋት፣ ንብረት መቆጣጠር፣ መዝገብ መያዝ፣ «ከኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ተግባራትን ማከናወን»። ይህን ይዘው «ለዚህማ ዘበኛው ይበቃል» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ከፖሊሲው የምጠቅሰው ካለ ንገሩኝ።

ጡረተኛው
ነገሩን ከሥሩ እንየው። ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በ1998 ዓ.ም. ባንጁል ላይ የጸደቀው የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ግን እስከ 35 ያደርሰዋል፤ የየአገሩ ፖሊሲ በፓርላማ ጸድቆ ሕግ ይሁን ብሎም አዝዟል። የእኛ ፖሊሲ ሲወጣ የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ ወጣት ሆኗል። በዚህ መካከል የወጣቶች ጉዳይ አንዴ ከስፖርት፣ አንዴ ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር ሲጋባና ሲፋታ ኖሮ፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ «ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ» በሚል ስም ሥር ገብቷል። ቤቱ በተቀየረ ቁጥር ባለሙያው ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ ቀረ። ስለ ሥልጠናውና ስለ ብቃት ምዘናው ነገ እመለስበታለሁ።

ቀስተ ደመና
ነገማ ስብሰባው ያልቃል፣ ጋሼ።

አባ መላ
ክልል ቢሮ ሄደህ አቤት በል። መዋቅር የሚያጸድቀው ወረዳ አይደለም።

የማዕከሉ ቁልፍ (ጠያቂ)
ስብሰባው ነገ ጠዋት ነው። ክልል ቢሮ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ሰሚ ያጣ
ቅር አይበልህ ወንድሜ፣ እኔ ግን ከኮሚቴው ጋር ነኝ። በሰፈራችን ማዕከል ሦስት ዓመት ተመላልሻለሁ። ያየሁት ፑል፣ ጆተኒና የእንግሊዝ ኳስ ነው። ለዚህ በዲግሪ ሰው ይቀጠራል? በክረምት በጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ ልጆች ሞልተዋል።

የማዕከሉ ቁልፍ (ጠያቂ)
እህትህ ነኝ። የክረምት በጎ ፈቃደኞች መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ይገባሉ። ጥቅምት ላይ ማን ይኖራል?

ቀስተ ደመና
በእኛ ወረዳ የወጣት ማኅበሩ ሊቀመንበር ልጁን ድሯል። ቻርተሩ 35 ማለቱ ለእሱም አልበቃውም።

የሰው አገር ሰው
ማልታ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ሕግ እንዳንቺ ከወጣቶች ጋር የሚሠራውን ሥራ እንደ ሙያ አውቃዋለች። ሠልጥኖ ላሟላ ፈቃድ ይሰጠዋል። እሱን ጥቀሺላቸው።

ማኅደር
ወረዳ ኮሚቴ ፊት ማልታን አትጥቀሺ፤ ፖሊሲውንም በአንድ ዓረፍተ ነገር እለፊው። እኔ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተሸንፌም አሸንፌም አውቃለሁ። መዘርዝሩ የቁልፍ ሥራ ስለሚል በመዘርዝሩ አትከራከሪ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፦ ባለፉት ወራት ዘበኛው ሊሠራው የማይችል ምን ሠራሽ? ስለ አንድ ልጅ ብቻ ንገሪኝ።

የማዕከሉ ቁልፍ (ጠያቂ)
አንድ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። 11 ቀን ተከታትሎ መጥቶ ፑሉ አጠገብ ይቀመጣል፤ አይጫወትም። በጠዋት ስለሚመጣ ትምህርት እንዳቆመ ገባኝ። ኳሶቹን እንዲቆጥርልኝ ጠየቅሁት፤ በዚያው ወሬ ጀመርን። እናቱ ታመው የቀን ሥራ ገብቶ ነበር፤ ሥራውም ቆመ። ርእሰ መምህሩን ሁለት ጊዜ ሄጄ አነጋገርሁ። አሁን በማታው ክፍል 9ኛ ይማራል፤ ቀን መጽሐፍት ቤታችንን ያግዘኛል። ይህ ሁሉ በደብተሬ አለ፤ በሪፖርት ግን «1 ወጣት ምክር አገኘ» ተብሎ ነው የሄደው።

ማኅደር
መልሱ ደብተርሽ ውስጥ አለልሽ። ማታውን እንደዚህ ያሉ ሦስት ታሪኮች በአንድ ገጽ ጻፊ። ስም፣ ሰፈር፣ ትምህርት ቤት አትጥቀሺ፤ ወረዳ ትንሽ ነው፤ የልጁን ምስጢር አዳራሽ ለማትረፍ አትሽጪው። ዕድሜውንም «በአሥራዎቹ» በዪው። ከሥሩ ንብረት ክፍል ሊወስድ የሚችለውንና የማይችለውን ለይተሽ አስቀምጪ። ቁልፉንና የዕቃውን ቆጠራ ራስሽ «ይውሰድ» በይ፤ ያኔ ለወንበርሽ የምትከራከሪ አይመስልም። ኪራዩንም ጨርሰሽ አትቃወሚ፦ ቅዳሜና እሑድ ይከራይ፣ የሥራ ቀን ለወጣቶች ይቆይ በይ። ይህ ሐሳብሽ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝም ጠይቂ። ከተሸነፍሽ ለይግባኝ የሚጠቅምሽ እሱ ነው።

ሰሚ ያጣ
እኔ በነበርሁበት ማዕከል እንዲህ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ሁሉም እንዳንቺ አይሠራም፤ መደቡ የሚቆይ ከሆነ የሚለካበት ነገር ይኑረው።

ማኅደር
በዚህ እስማማለሁ። መለኪያ የሌለው መዘርዝር ሠሪውንም ሰነፉንም እኩል ያደርጋል።

አባ መላ
እኔ አሁንም ክልል ቢሮ ነው የምለው።

የማዕከሉ ቁልፍ (ጠያቂ)
ሁለቱን ጽፌያለሁ፤ ሦስተኛውን እየጻፍሁ ሳለ መብራት ጠፋ። በስልክ ባትሪ ነኝ።

ማኅደር (በማግስቱ፣ 8 ሰዓት)
ምን ተባለ?

ጡረተኛው (በሦስተኛው ቀን)
ስለ ብቃት ምዘናው ቃል በገባሁት መሠረት፣ በመጀመሪያ «ሙያ» ስንል…

ቀስተ ደመና
ጋሼ፣ እርስዎ ይቀጥሉ። እህታችን ካለሽ ግን አንድ መስመር ጻፊልን።